ፓንዳና የእናቶቻችን ጉድጓድ

የፓንዳ ነገር ይገርማል! የሚበላው ቀርከሃ ነው፤ ሆዱ ግን የሥጋ በል ሆድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአንጀቱ ያሉት ባክቴሪያዎች እንኳ የቅጠል በል ዓይነት አለመሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ከበላው አብዛኛውን ሳይፈጭ ያወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ቢውል አይፈረድበትም።

እኛ የወላይታ ልጆች በዚህ እንሻላለን። የበዴሳ እናቶች እንሰቱን ፍቀው ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ባክቴሪያና እርሾ እዚያው ያብላሉታል። ሆዳችን ሳይጀምር ጉድጓዱ ጀመረልን ማለት ነው።

ታዲያ እኩዮቼ ከተማ ሲገቡ ቆጮ እንበላለን ለማለት ለምን ያፍራሉ? ሙያው ያለው በእናቶች እጅ ነው፤ የሚረከብ ከሌለ አብሯቸው ይቀራል። እስቲ ለዕረፍት ስትገቡ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ጻፉትም።