ያልተከፈለ ውርስ

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የአንዷ ደንበኛ ትዕዛዝ የሌላው ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሳገላብጥ አደርኩ። ጥፋቱ የኔው ነበር፦ በፓይተን ወላጅ ክላሱ ላይ ባዶ ሊስት ጽፌ፣ ከሱ ለሚወርሱት ሁሉ የየራሳቸው የሚደርሳቸው መስሎኝ።

የፓይተን መማሪያ ምዕራፍ 9 ይህንኑ ስህተት በውሾች ያሳያል፤ ምሳሌው ላይ ግን ልጅ ክላስ የለም። ስለዚህ ለቡድናችን ዶክመንቴሽን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውርስ ቅጂ አይደለም። ልጁ የራሱ ከሌለው የወላጁን ያያል። አዲስ ሊስት ከሰጠኸው የራሱ ይሆናል፤ ባለው ላይ አፔንድ ካደረግክ ግን የሁሉም ይቀየራል።»

ለእማዬ ብነግራት ሳቀች። «የአያትህ ቤት ማለት አይደል? ሳይካፈሉት አንዱ ግድግዳ ቢያፈርስ፣ ለሁሉም ፈረሰ።»

እሱንም ጨመርኩት።