በሞፈር ላይ ያየናት ስንጥቅ

በክረምት ዕረፍት ሐሙሲት ሳለን በሬ ልንጠምድ ስንነሣ የአንዳችን አጎት አስቆሙን። ሞፈሩን በጣታቸው ዳበሱና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አሳዩን። እኛም አይተናት «ለዛሬ ታደርሰናለች» ብለን አልፈናት ነበርና አፈርን።

በ1928 ዓ.ም. በሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ተሠርታ በ2016 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የተመለሰችውን «ፀሐይ»ን አይተን፣ እንደ እርስዋ ያለች ትንሽ አውሮፕላን ልንሠራ የተማማልን እኛው ነን! ሞፈር ቢሰበር በሬ ይቆማል፤ ክንፍ በአየር ላይ ቢሰበር ግን መቆሚያ የለም።

ብረት በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከብሎን ቀዳዳ ጥግ ይጀምራል። ስለዚህ ከበረራ በፊት የክንፉን ማያያዣ፣ የመሪውን ሽቦና የጎማውን እግር በዓይንና በእጅ መመርመር ግድ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ መብረርን ከመመኘታችን በፊት መዳበስን እንማር።