ጎበኘን እንጂ አልጠየቅንም

ባለፈው ሰሞን የመጻሕፍት መደርደሪያዬን አቧራ ሳራግፍ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር አንድ የተጠረዘ ሰነድ አገኘሁ። ሽፋኑ «በአሜሪካ ከተሞች የተካሄደ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሪፖርት» ይላል፤ ቀኑ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ እኔው ነኝ። ቁጭ ብዬ አርባ ሁለቱንም ገጽ አነበብኩት። ውሸት የሚባል ነገር አልጻፍኩበትም። ሆኖም ከዚያ ጉዞ ዛሬ ድረስ ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር አንዱም እዚያ ውስጥ የለም። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ሪፖርት የጎደለው ምዕራፍ ነው።

«የልምድ ልውውጥ» የሚለውን ሐረግ የመሥሪያ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልውውጥ ሲባል መስጠትም መቀበልም ያለበት ይመስላል። እኛ ለአሜሪካውያኑ የሰጠናቸው ለየጎበኘነው ድርጅት አንድ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ነበር፤ የተቀበልነው ደግሞ እስክሪብቶ፣ ቆብና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ በራሪ ጽሑፍ ነው። አሥራ አራት ነበርን፤ ሁላችንም በሥራ አመራር የማታ ማስተርስ የምንማር፣ ግማሻችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግማሻችን ከባንክና ከግል ድርጅት። የብዙዎቻችንን ወጪ የቻሉት አሠሪዎቻችን ናቸው። አበሉ በዶላር የሚከፈል ስለ ነበር በሻንጣችን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ጭነን ነበር የተጓዝነው፤ ቋንጣውን ጉምሩክ ይይዝብናል ብለን ትተነዋል። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው የአሥራ ሁለት ቀን አበል ቆጥቦ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚሸፍንበት የማያውቅ አንባቢ የለም።

ዋሽንግተን ካረፍን በኋላ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቺካጎ ነበር። የቺካጎ የንግድ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1848 የተመሠረተ የእህል ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በተጠናቀቀው ሕንፃው አናት ላይ ሴሬስ የተባለችው የእህል አምላክ ሐውልት ቆማለች፤ ፊት ግን የላትም። ቀራጺው «ይህን ያህል ከፍታ ወጥቶ ፊቷን የሚያይ አይኖርም» ብሎ ነው ይባላል። ገና ያልታጨደ ስንዴ ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ የሚሸጥበትን የወደፊት ውል ሲያስረዱን፣ ከኋላዬ አንዱ ባልደረባችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለና ሳቃችንን ማፈን አቃተን። ነገሩ ግን ለእኛም እንግዳ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደረጃ የወጣለትን ምርት፣ የመጋዘን ደረሰኙንና በአዳራሽ ተጯጩሆ መገበያየቱን ከእንዲህ ዓይነቶቹ ተቋማት ልምድ ቀድቷል። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «በ1848 ተመሠረተ፤ አደገ፤ ዘመነ» ብዬ ጻፍኩ።

በመካከሉ የሆነውን ያወቅሁት አገሬ ተመልሼ ሳነብ ነው። የኢሊኖይ ገበሬዎች «የጎተራ ባለቤቶች በሚዛን፣ በደረጃና በኪራይ ይበድሉናል» ብለው ጮኹ፤ ተደራጁ። የክፍለ ግዛቲቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1871 የጎተራ ኪራይ ጣሪያ የሚወስን ሕግ አወጣ። ባለ ጎተራዎቹ አሻፈረን ብለው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1877 የሕዝብን ጥቅም የሚነካ የግል ንግድ ለሕዝብ ቁጥጥር ሊገዛ ይገባዋል ሲል ፈረደ። እንግዲህ ያ ገበያ የቆመው በነጋዴ ብልሃት ብቻ ሳይሆን በገበሬ ክስም ጭምር ነው። አዳራሹን ስናደንቅ ክሱ ትዝ ያለው ከመካከላችን ማንም አልነበረም። ስላልጠየቅንም አልተነገረንም።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዲትሮይት አመራን። በከተማዋ ጥግ ዲርቦርን በሚገኘው የፎርድ ሩዥ ፋብሪካ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ መተላለፊያ ላይ ቆመን ፒክአፕ መኪና ከሥራችን ሲገጣጠም አየን። በሩ ይመጣል፤ ሠራተኛው ይገጥማል፤ መኪናው ያልፋል፤ ሌላ በር ይመጣል። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ የአንድ መኪና አካል ለመገጣጠም የሚፈጀው ከ12 ሰዓት በላይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። በጥር 1914 ደግሞ የቀን ደመወዝን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው። ይህ ታሪክ በሪፖርቴ ገጽ 17 ላይ «የሠራተኛ ማበረታቻ ተሞክሮ» በሚል ርዕስ ሰፍሯል።

ገጽ 17 የማይናገረው ግን ብዙ ነው። አምስቱ ዶላር የተከፈለው ሥራው ሰልችቶት የሚለቀው ሠራተኛ ፋብሪካውን ስላስቸገረው ነው። ገንዘቡንም ሙሉ ለማግኘት ሠራተኛው ለኩባንያው መርማሪዎች ቤቱን መክፈት ነበረበት፤ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ ብለው ይመዘግቡት ነበር። «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ውስጥ ላለፍን ለእኛ ይህ ተርጓሚ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1932 ሥራ ያጡ ሰዎች ወደዚያው ፋብሪካ የረሃብ ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስና የኩባንያው ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፤ አራት ሰዎች በዕለቱ ሞቱ፤ አምስተኛው ቆይቶ ተከተላቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጠባቂዎቹ በበሩ አጠገብ ባለው መሸጋገሪያ ድልድይ ላይ የሠራተኛ ማኅበር አደራጆችን ሲደበድቡ አንድ ጋዜጣ ፎቶ አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ኩባንያው ማኅበሩን ተቀብሎ ውል የፈረመው በ1941 ነው። እኛ ከመተላለፊያው ላይ ያየነው ጸጥታና ሥርዓት የዚህ ሁሉ ትርፍ ነበር።

በማግስቱ የሄንሪ ፎርድን ሙዚየም ጎበኘን። ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1955 ከወንበሬ አልነሣም ያለችበት አውቶቡስ እዚያ አለ። ያ አውቶቡስ ለብዙ ዓመታት ሜዳ ላይ ተጥሎ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ኖሯል፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2001 በ492,000 ዶላር በጨረታ ገዝቶ አደሰው። ገብተን ተቀመጥን፤ ተራ በተራ ፎቶ ተነሣን። እኔም ተነሥቻለሁ፤ እየሣቅሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነጻ ጊዜ ተሰጠን። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ለልጆቻቸው ጫማ ሊገዙ ወጡ። እኔ ወደ ዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ሄድኩ። ዲዬጎ ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ከሩዥ ፋብሪካ ያየውን የሳለበት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ 27 ሥዕሎች ግድግዳውን ሞልተውታል። ገንዘቡን የሰጠው የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሰል ነው፤ ሠዓሊው ደግሞ ኮሙኒስት ነበር። በግድግዳው ላይ ሠራተኞቹ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ክንዳቸው ተወጥሮ፣ ማሽኑ ውስጥ የገቡ መስለው ይታያሉ። ትናንት ከመተላለፊያው ላይ ያላየሁትን ድካም እዚያ አየሁት።

አግዳሚው ላይ አንድ አረጋዊ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ የከተማው አስተዳደር ጡረተኛ ናቸው። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝና ወሬ ጀመርን። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት እየተራቆተች መጥታ በሐምሌ 2013 ከ18 ቢሊዮን ዶላር የማያንስ ዕዳ ይዛ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበች። አበዳሪዎች የዚህን የሥነ ጥበብ ተቋም ሥዕሎች ሸጣችሁ ክፈሉን እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ በጎ አድራጊ ድርጅቶች፣ ክፍለ ግዛቲቱና ተቋሙ ራሱ 816 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማሙ፤ ሥዕሎቹ ተረፉ፤ የጡረተኛውም ጉዳት ቀለለ። እንደ እኚህ አረጋዊ ያሉ ተራ ጡረተኞች ግን ከወር ገንዘባቸው 4.5 በመቶ ተቀነሰባቸው፤ ለኑሮ ውድነት ይታከልላቸው የነበረውም ቀረ።

«ተናደዋል?» አልኳቸው።

«እስካሁን አልበረደልኝም» አሉኝ። «ከተማዋን ለኪሳራ ያቀረባት ሰው በአገረ ገዢው የተሾመ እንጂ እኛ የመረጥነው አልነበረም። ግን አንድ ቀን ፖስታ መጣልኝ። የከተማዋ ዕዳ፣ የእኔ ድርሻ፣ እምቢ ብንል የሚሆነው ሁሉ ተዘርዝሯል። የድምፅ መስጫ ወረቀትም አለው። ሦስት ሌሊት አሰብኩበትና እሺ ብዬ ላክሁ። ፍርዱን አልወደድኩትም፤ ቢሆንም ጠይቀውኛል።» ከዚያ ዞር ብለው «በአንተ አገር ጡረታ ሲቀነስ ማንን ነው የሚጠይቁት?» አሉኝ። ጡረታ ተቀንሶ አያውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ወይም መስሎኝ ነበር።

ማታ ወደ ሆቴሉ ስመለስ የአዳራሹ ጥግ በሣቅ ደምቋል። ከአዲስ አበባ ወሬ መጥቷል፦ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የብርን ምንዛሪ በ15 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ከ23 ብር በጥቂት ሳንቲም ከፍ ይል የነበረው ዶላር 27 ብር ሊደርስ ነው። በኪሳችን ያለው አበል ተኝተን ሳለ አደገ ማለት ነው። አንዱ በስልኩ እያሰላ የእያንዳንዳችንን ትርፍ ነገረን። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በዚያች ሌሊት በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ፣ ሳልበላ ያስቀረሁትን ዶላር በአዲሱ ምንዛሪ አባዛሁ።

ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ጡረተኛ መምህርት ናት። የእሷ ገንዘብ በብር ነው። የምትገዛው ዘይት፣ የምትውጠው የደም ግፊት ኪኒን ከባሕር ማዶ በዶላር የሚመጣ ነው። የእኛ አገር ጡረታ በደብዳቤ አይቀነስም፤ ገበያ ላይ ነው የሚቀነሰው። ለእሷ ፖስታ አልመጣላትም። ምንዛሪው መውረዱ ለውጭ ንግድ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ለባለሙያ የሚተው ክርክር ነው፤ ምናልባትም አስፈላጊ ነበር። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማን ጠየቃት? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲታወጅም ያችው ሌሊት ተመልሳ መጣችብኝ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ዋሽንግተን ነበርን። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እዚያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ይዞኝ ወደ ቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ሄድን። የ21 ዓመቷ ተማሪ ማያ ሊን የነደፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀው ጥቁር የድንጋይ ግንብ ነው። ከ58,000 በላይ የሞቱና የጠፉ አሜሪካውያን ስም በሙሉ ተቀርጾበታል፤ በማዕረግ ሳይሆን በጉዳታቸው ቀን ቅደም ተከተል። በእርግጥ አሜሪካ የገደለቻቸው ቬትናማውያን ስም እዚያ የለም፤ ይህም መባል አለበት። አንዲት አሮጊት ወረቀት በአንድ ስም ላይ ለጥፈው በእርሳስ ይፈገፍጉ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውብን ነበር። ከሰባት ወር በኋላ፣ በዚያ ግንብ ፊት ቆሜ፣ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ ስለ ጉዟችን ጠየቀኝ። ቦርዱን፣ ፋብሪካውን፣ ሙዚየሙን ዘረዘርኩለት። «እሱስ ጥሩ። ማንን ጠየቃችሁ?» አለኝ። በዚያው ከተማ ታሞ የተኛ የጋራ ወዳጅ ነበረን፤ ስለ እሱ ማለቱ ነው። አልጠየቅነውም ነበር።

ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በአማርኛ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ ያላወቀ ይጠይቃል፣ ያጠፋም ይጠየቃል። አራቱም አንድ ግሥ ናቸው፤ «ተጠያቂነት» የምንለው ትልቅ ቃልም ከዚያው ወጣ። እኛ በሦስት ከተማ የጎበኘነው ይበዛል፤ ግን ማን ከፈለ፣ ማን ተቃወመ፣ ማንስ ተረሳ ብለን የጠየቅነው የለም።

ተመልሼ ሪፖርቱን ስጽፍ ዲትሮይት ያገኘኋቸውን አረጋዊ አንድ አንቀጽ ሰጥቻቸው ነበር። አለቃዬ ረቂቁን አይተው «ይሄ ታሪክ ነው፤ በሦስት ወር የሚተገበር ነገር አምጣ» አሉኝ። አንቀጹን ሠረዝኩት። እሳቸው እንዲያወጡት አላስገደዱኝም፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በምትኩ የአስተያየት መስጫ ሣጥን እንዲተከል ሐሳብ አቀረብኩ። ሣጥኑ ተሠራ፤ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቁልፉ በሁለተኛው ወር ጠፋ። እስከ ለቀቅሁበት ቀን ድረስ ባለ ጉዳዮች ወረቀት ሲጨምሩበት አይ ነበር።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የልምድ ልውውጥ ጉዞ ይቅር አልልም፤ እኔንም ቢሆን ያነቃኝ ያው ጉዞ ነው። ነገር ግን ነገ ለሚሄዱት አንድ ምክር አለኝ፤ ድርጅቱን ካሳዩአችሁ በኋላ፣ ከዚያ ድርጅት ጋር የተሟገተ አንድ ሰው ፈልጉና አነጋግሩ። ሪፖርታችሁ ቢያጥር ግድ የለም።

እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ነገ እሑድ ነው፤ ሄጄ እጠይቃታለሁ።

ቸር እንሰንብት።