ስለ መኪና ማስገቢያ በር አጠባበቅ

የመስከረም ወር በገባ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር በሚወስዱት ሁለት መንገዶች ላይ የሚታየው የመኪና ብዛት ለተመልካች ሁሉ የታወቀ ነው። አንደኛው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወልቂጤ ያደርሳል፤ ሁለተኛውም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቡታጅራ ይገባል። በንግድና በመንግሥት ሥራ በየከተማው ተበትኖ የከረመው የአገሩ ተወላጅ የመስቀልን በዓል ከወላጆቹ ጋራ ለማክበር ልጆቹን አሳፍሮ፣ ለሽማግሌዎች የሚሰጠውንም ስጦታ ጭኖ ወደ ቤቱ ይገሠግሣል። እኛም ከእነዚሁ መንገደኞች አንዱ ነን። ብዙ ዓመት ሙሉ ከግቢያችን ፊት ደርሰን የመኪናችንን ጥሩምባ እየነፋን፣ በሩ እስኪከፈትልን ድረስ በወንበራችን ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ያን በር የሚከፍተው ማን እንደ ሆነና በምን ያህል ድካም እንደሚከፍተው አንድ ቀን እንኳ አስበን አናውቅም ነበር። ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው፣ ያለማሰባችን ያስከተለውን ጕዳት ገልጠን ሌላው ሰው ከእኛ ስሕተት እንዲማር በመመኘት ነው።

በአባቶቻችን ዘመን በጉራጌ አገር የነበረው ቤት በረዥም ምሰሶ የቆመና በሣር የተከደነ ሆኖ፣ ጀፎር በሚባለው ሰፊና ለምለም መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ ዛሬም በገጠሩ ይታያል። የዚያ ቤት በር ከእንጨት የተጠረበ ስለ ሆነ ልጅም ቢሆን ገፋ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ቢበላሽም እንጨት ጠራቢ ያድሰዋል። አሁን ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች የሚሠራው ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል፤ በሩም መኪና የሚያሳልፍ ስፋት እንዲኖረው ግድ ሆነ። ስለዚህ ከቱቦላሬና ከላሜራ የተበየደ፣ ሦስትና አራት ሜትር የሚሰፋ፣ ብዙ ጐልማሶች በጭንቅ የሚያነሡት መዝጊያ በየግቢው ቆመ። በአንድ ቤት ውስጥ ከሚንቀሳቀሱት ነገሮች ሁሉ ከመኪናው በቀር እንደዚህ በር የሚከብድ የለም። ሆኖም ለመኪናው በየጊዜው ዘይት ስንለውጥለት፣ በሩን ግን እንደ ግድግዳ ቈጥረን እንተወዋለን።

በቡታጅራ ያለው ቤታችን ከአባታችን የወረስነው ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ቤቱ ባዶውን እንዳይቀር፣ አብሮ አደጋቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በግቢው ተቀምጠው እንዲጠብቁልን ለመንናቸው፤ እሳቸውም ስለ ወዳጅነታቸው እሺ አሉን። እኛም አጥሩን በግንብ አሠርተን፣ መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ በሩ በሐዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት እንዲሆን ወሰንን። በያጁ ሥራውን ሲዋዋል፣ «ከሐዲዱ ጫፍ ላይ በሩን የሚገታ ማቆሚያ ብረት መበየድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንድ ቀን በኀይል የተገፋ እንደ ሆነ ከመያዣው አልፎ ይወድቃል» ብሎን ነበር። እኛ ግን ዋጋ ለማስጨመር የተናገረው መስሎን ምክሩን ሳንቀበል ቀረን።

ቤቱ ዓመቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በተለይ የሚዘጋበት ጊዜ ዝናሙ የሚበረታበት ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ጐርፉ ጭቃና ጠጠር እያመጣ ሐዲዱን ይሞላዋል፤ በሩን የሚሸከሙት መንኰራኵሮች በጭቃው ውስጥ ተቀብረው ይሰነብታሉ፤ በውስጣቸው ያለውም ኩሽኔታ ግራሶው ታጥቦ ይዝጋል። ከዚያ በኋላ መንኰራኵሩ መሽከርከሩን ትቶ ይጐተታል። በግንቦት አንድ እጅ የሚከፍተው በር በመስከረም የሰው ሙሉ ጕልበት ይጠይቃል። ይህም ማለት በሩ እጅግ የሚከብደው እኛ ለመስቀል በምንመጣበት ሳምንት ነው ማለት ነው።

ሽማግሌው ይህነን ሦስት ጊዜ ነግረውናል። «ልጄ፣ ይህ በር ከጕልበቴ በላይ ሆኗል፤ አንድ ነገር አድርግበት» ሲሉን፣ «እሺ አባባ፣ በዓሉ ይለፍና እናሠራዋለን» እንላለን። በዓሉም ያልፋል፤ እኛም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እሳቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በያጁ ብረት ሊያቆም ባሰበበት ስፍራ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንከባለው አኖሩበት።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመስከረም 14 ቀን ማታ በዝናም ደረስን። ግቢው ለበዓሉ ሲጠረግ ድንጋዩ ተነሥቶ ኖሯል፤ ይህነን ማንም አላስተዋለም። ጥሩምባ ነፋን፤ በሩ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ቆመ። ልጆቹ ደክሟቸው ስለ ነበረ ሁለተኛ ነፋን። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ከመኪናው ወርዶ ሽማግሌውን ለማገዝ በጠባቡ ክፍት ገባ። ሽማግሌው በሩን በትከሻቸው ገፉት፤ ጭቃው ድንገት ሲለቀው በሩ በኀይል ሄዶ ከሐዲዱ ጫፍ አለፈ፤ ከላይ ካለውም መያዣ ወጣ። እኛ በመኪናው መብራት ያየነው፣ ሽማግሌው ልጁን በሁለት እጃቸው ወዲያ ሲወረውሩትና በሩ ሲወድቅ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ስድስት ሰው ሆነን አነሣነው። ልጁ ከመላላጥ በቀር ምንም አልሆነም፤ የሽማግሌው ቀኝ እግር ግን ከጕልበቱ በታች ተሰብሮ ነበር።

ያን ሌሊት በሐኪም ቤት አደርን። ሽማግሌው የጠየቁን የልጁን ደኅንነት ብቻ ነው። ስለ በሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢናገሩን ይሻለን ነበር። ሊነጋጋ ሲል ባለቤታችን ቀስ ብላ፣ «ሁለተኛውን ጥሩምባ ባይነፉት ምን ነበረበት?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ይህነን የሰማች በወልቂጤ የምትኖር ታናሽ እኅታችን መጣች። የእርሷ ግቢ በር ከእኛ ይልቅ የቈየ ሆኖ ሳለ ዛሬም በአንድ እጅ ይከፈታል። ምክንያቱን ብንጠይቃት፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ በሬን በዓመት ሁለት ጊዜ አየዋለሁ፤ ሰኔ ሲገባና መስከረም ሲጠባ። የምከፍተው ራሴ ስለ ሆንሁ ሲከብድ ወዲያው አውቀዋለሁ» አለችን። የምታደርገውንም በዝርዝር አስረዳችን፤ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅም ዘንድ እንደሚከተለው እንጽፈዋለን።

ሐዲድ ያለው በር እንደ ሆነ ክረምት ሳይገባ ሐዲዱ ተጠርጎ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይከፈታል፤ ኩሽኔታውም ግራሶ ይቀባል። እየጮኸ ወይም እየተንገዳገደ የሚሄድ መንኰራኵር ጊዜው ያለፈበት ስለ ሆነ መለወጥ አለበት፤ የመንኰራኵር ዋጋ ከበሩ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ በሐዲዱ ጫፍና ጫፍ ማቆሚያ መኖሩ፣ ከላይም ያለው መያዣ የጸና መሆኑ ይመረመራል። ይህ የሌለው በር ሳይሠራ መንቀሳቀስ አይገባውም።

በማጠፊያ የሚዞር ሁለት መዝጊያ ያለው በር ከሆነ፣ ጫፉ መሬት እየጫረ መሄዱ የሕመሙ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የበሩን ግርጌ ያስቈርጣል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የመዝጊያው ክብደት ላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ስለሚስበው፣ መፈተሽ ያለበት ማጠፊያውና የተተከለበት ምሰሶ ነው። ምሰሶው ማዘንበሉን በቱንቢ ማወቅ ይቻላል። መወርወሪያው ቀዳዳውን ሲስትና ለመዝጋት በሩን ማንሣት ሲያስፈልግም ነገሩ ይኸው ነው።

ዝገትን በሚመለከት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከግርጌ ነው፤ ወደ ቱቦላሬው ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋልና። ስለዚህ በበሩ ግርጌ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ማስበሳት ይጠቅማል። ከላይ የታየውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አስቀድሞ ዝገት የሚከላከለውን፣ ከዚያም የዘይት ቀለም መቀባት ነው እንጂ፣ በዝገቱ ላይ ቀለም መደረብ ሕመሙን መሸፈን ብቻ ነው።

ደግሞ በአንዳንድ አዳዲስ ፎቆች ሥር ወደ ላይ የሚጠቀለል ወይም የሚነሣ በር መታየት ጀምሯል። እንዲህ ያለው የሚነሣ በር በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ክብደቱን የሚሸከምለት ሞላ የሚባለው ጥምዝ ብረት ነው። ሞላው ታላቅ ኀይል አምቆ የያዘ ስለ ሆነ ባለቤቱ ወይም ዘበኛው ሊፈታው አይገባም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። በመብራት ኀይል የሚዘጉት በሮች ሕፃናትን ጨፍልቀው ስለ ገደሉ፣ በዚያው አገር የሚሠራው ማንቀሳቀሻ ሰው ሲነካ ወደ ኋላ የሚመለስ እንዲሆን በሕግ ታዟል። ሌሎች በልጆቻቸው ሞት የተማሩትን እኛ በነጻ ልንማረው ይገባናል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ስለ ሠራተኛው አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በቀድሞው ዘመን የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙትን የእንጨት ጥበበኞች፣ ማረሻውንም የሚቀጠቅጡትን አንጥረኞች ኅብረተሰቡ በሥራቸው ይንቃቸው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስታውቀዋል። ስድቡ ዛሬ ከአፋችን ጠፍቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ እጁ የሚነግረንን እውነት ዋጋ ማስጨመሪያ ነው ብለን ስንጥለው፣ ንቀቱ በልባችን እንዳለ ያስታውቅብናል። እኛ ያን በያጅ ፈልገን ይቅርታ ጠየቅነው፤ በሩንም እንደ ገና እንዲሠራው ሰጠነው። ማቆሚያውን ሲበይድ ሽማግሌው በምርኵዛቸው ተደግፈው አጠገቡ ቆመው ይመለከቱት ነበር።

አሁን በየመስቀሉ ከግቢያችን ፊት ስንደርስ ጥሩምባ አንነፋም። ከመኪናው ወርደን በሩን ራሳችን እንገፋዋለን፤ ሽማግሌውም ከውስጥ «ቀላል ነው፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁናል። ከብዶን እንደ ሆነ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ሳንጠብቅ በማግሥቱ እናሠራዋለን። ለአንባቢዎቻችንም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከመኪናችሁ ውረዱና በራችሁን በገዛ እጃችሁ ክፈቱት።