ዐይን የጎደለው ሸራ

ኦማን ውስጥ ከሙስካት ተነሥቼ ባሕሩን በግራ እያየሁ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሱር ገባሁ። የመጣሁት አንዲት መርከብ ለማየት ነው። ስሟ ፈትሕ አልኸይር ነው፤ የበጎ ነገር መክፈቻ እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ1951 እዚሁ ሱር ተሠራች። ስትነግድ ኖራ ኖራ የመን ውስጥ ብትገኝ፣ የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በ1993 ገዝቶ መለሳት። ርዝመቷ ከ20 ሜትር ይበልጣል። አሁን የብስ ላይ ቆማለች።

ጥላዋ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። «ያ ዐሚ፣ ይህቺ ዳው ናት?» አልኳቸው በምችለው አረብኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳው የምትሉት እናንተ የውጭ ሰዎች ናችሁ። ይህቺ ጋንጃ ናት።»

አውሮፓውያን መርከብን የሚለዩት ምሰሶዋን ቆጥረው፣ የሸራዋን አሰቃቀል አይተው ነው። እዚህ ስም የሚወጣላት ከገላዋ ቅርጽ ነው። ኋላዋም እንደ ፊቷ የሾለ ከሆነ ቡም ትባላለች። ፊቷ እንደ ጎራዴ ጎበጥ ብሎ ኋላዋ ጠፍጣፋ ከሆነ ሳምቡክ ናት፤ ምጽዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም አይረሳውም። ጋንጃ ኋላዋ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ፣ የአፍንጫዋ ጫፍም ሦስት ቅጠል የመሰለ ነው። የቅርብ እኅቷ ደግሞ በግላ ትባላለች። በግላ በአረብኛ በቅሎ ነው፤ ቃሉም የእኛው በቅሎ ዘመድ ነው። ብዙ ሸክም ለምትችል ሆደ ሰፊ መርከብ ይህ ስም ለምን እንደተሰጣት የሀገሬ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ላይ አንጋጠጥን። ምሰሶው ደገል ነው። በእሱ ላይ ሸራውን ይዞ የሚወጣው ረጅም አግዳሚ ፈርመን ይባላል። በትልልቆቹ ላይ ፈርመን ከአንድ ግንድ አይወጣም፤ እንጨት በእንጨት ላይ ተቀጣጥሎ በገመድ ይጠፈራል፣ ርዝመቱም የመርከቧን ያህል ይሆናል። ንፋሱን በሌላው ጎን መቀበል ሲያስፈልግስ ይህ ሁሉ እንጨት ምን ይሆናል? አዛውንቱ ክንዳቸውን ፈርመን አድርገው አሳዩኝ። መርከቧ ጀርባዋን ለንፋሱ ትሰጣለች። መርከበኞቹ ፈርመኑን ከምሰሶው ጋር ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፣ ከፊት በኩል ያዞሩታል፣ ወደ ሌላው ጎን ያወርዱታል፤ ሸራውም ተከትሎ ይዞራል። ሁሉም እኩል መሳብ፣ እኩል መልቀቅ አለባቸው። ይህን በጨለማ፣ እየተናወጠ ባለ ወለል ላይ ያደረጉትን ሰዎች ሳስብ ልቤ ተነካ።

ደግነቱ በዚህ ባሕር ላይ ንፋስ ቀጠሮ ያከብራል። ከኅዳር ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁ ወደ ዛንዚባር ይነዳል፤ ከሚያዝያ ወዲህ የደቡብ ምዕራቡ ወደ ቤት ይመልሳል። ወቅት በአረብኛ መውሲም ነው፤ ዓለም ሞንሱን የሚለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሶሐር የተባለች መርከብ በዚህች ከተማ ያለ ሚስማር ተሠርታ፣ ሳንቃዋ ከኮኮናት ጭረት በተገመደ ገመድ ተሰፍቶ፣ በሸራ ቻይና ድረስ ሄዳለች። እኔ ግን ያሰብኩት የጥንቱን የአክሱም ወደብ አዱሊስን ነው። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሂምያር በዘመቱበት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሮኮፒየስ፣ የዚህ ወገን መርከቦች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዙ መሆናቸውን ጽፏል። የንጉሡን ሠራዊት ያሻገሩትም እንዲሁ የተሰፉ ሳንቃዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ቃላቱን ማስታወሻዬ ላይ በፊደላችን ስጽፍ አዛውንቱ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እናንተ ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ወደ ሸራው ቦታ ጠቆሙ።

«ሸራ።»

ፊታቸው በራ። «ሺራዕ! የእኛው ነው። ግን ዐይኑን የት ጣላችሁት?»

ዐይን ያሉት ፊደሉን ነው። ግዕዝም ያ የጉሮሮ ድምፅ ነበረው፤ ፊደሉን ዛሬም እንጽፈዋለን፣ የአማርኛ አንደበት ግን ከተወው ቆይቷል። እኛ ሸራ ስንል የጭነት መኪና የሚለብሰውን፣ ድንኳን የሚሆነውን፣ ሠዓሊ የሚወጥረውን ነው የምናስበው፤ ባሕሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። «ሺራዕ» ብዬ ጻፍኩ፣ በዐይኑ ዕ። አነበብኩላቸው። «ከጉሮሮህ!» አሉ። ደገምኩት። በአራተኛው የመርከቧን ጎን በመዳፋቸው መታ አደረጉና ብድግ አሉ።

«ተነሥ ልጄ። ገመዶቹ ገና ናቸው።»