ሐምሌት ከምርኮ ሲመለስ

ጋሼ በሶማሊያ እስር ቤቶች ከአሥር ዓመት በላይ ማቅቀው በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ከተመለሱት ምርኮኞች አንዱ ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማስታውሳቸው ጋዜጣ ሲያነቡ ነው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ ዙሪያቸው ሲንጫጫ እሳቸው ዓይናቸውን ከጋዜጣው አይነቅሉም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ባገኘሁ ሰሞን መቅረጸ ድምፅ ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ የምርኮውን ታሪክ ያጫውቱኝ» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልሃል?» አሉኝና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። ኩራት መሰለኝ። ተቀየምኳቸው።

ቅያሜዬን የሻረልኝ አንድ የሩሲያ ተዋናይ ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ግን እውነት ነው።

ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ በ1925 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላም ዘመኑ ሁሉ እንዲሁ ነው) በሳይቤሪያ፣ ታቲያኖቭካ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና በጉርምስናው ዘመተ፤ ኩርስክ ላይ ተዋጋ፤ የድኒፐርን ወንዝ ተሻገረ፤ በ1943 መጨረሻ ኪየቭ አካባቢ በጀርመኖች እጅ ወደቀ። አመለጠ። የዩክሬን ገበሬዎች ደበቁት። እንደገና ጦሩን ተቀላቅሎ እስከ ጀርመን ዘለቀ። ይሁን እንጂ በስታሊን ዘመን ተማርኮ የነበረ ሰው ከጠላት ቢያመልጥ ከጥርጣሬ አያመልጥም። ስለዚህ በ1946 ኖሪልስክ ገባ። ኖሪልስክ እስረኞች የገነቧት፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር የሰሜን ዋልታ ጎረቤት ናት። ሌላው የሚጋዝባት ከተማ ለእሱ መሸሸጊያ ሆነችው! ከዚያም ማካቻካላና ስታሊንግራድ እያለ በክፍለ ሀገር ትያትር ቤቶች ተንከራተተ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ተጠግቶ ሞስኮ ሲደርስ የሚያውቀው አልነበረም።

በ1957 ዳይሬክተር ቶቭስቶኖጎቭ በሌኒንግራድ የዶስቶየቭስኪን «ኢዲየት» ለመድረክ ሲያዘጋጅ የልዑል ሚሽኪንን ገጸ ባሕርይ ሰጠው። ልምምዱ ግን አልሆን አለው። አንድ ቀን በሌንፊልም ስቱዲዮ ኮሪደር፣ በሚተራመሰው ሕዝብ መሐል ቆሞ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አየ። ጫጫታው አይደርስበትም። ሰውየው ከእስር ካምፕ የተመለሰ ነበር። ሚሽኪን ተገኘ!

ይህን ባነበብኩ ቀን የጋሼ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የዝና ታሪክ ነው። በ1964 የኮዚንትሴቭ «ሐምሌት» ወጣ፤ በ1965 የሌኒንን ሽልማት አስገኘለት። በ1966 በሪያዛኖቭ አስቂኝ ፊልም የሙሰኞችን መኪና እየሰረቀ ገንዘቡን ለሕፃናት ማሳደጊያ የሚልክ የዋህ ሌባ ሆነ። በ1970 አጎት ቫንያን ተጫወተ። በ1994 አረፈ።

ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምታውቁ አንባብያን ያንን ፊልም ብታዩት ትደነቃላችሁ። ልዑሉ በባሕሩ ዳርቻ ይራመዳል፤ ከንፈሩ ግጥም ብሏል፤ የምንሰማው የሐሳቡን ድምፅ ብቻ ነው። ዝም ያለ ሁሉ የሚናገረው የለውም ማለት አይደለም።

ይህ ሲገባኝ ጋሼ አልነበሩም። ዛሬ ቢኖሩ መቅረጸ ድምፁን ቤቴ ትቼ አጠገባቸው ቁጭ እል ነበር። ምናልባት የጋዜጣውን አንድ ቅጠል ገንጥለው ይሰጡኝ ይሆናል።