ዋስሽ ማን ነው?

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የሚፈልግና የቤት ሥራ የምትፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በደላላ አማካይነት ነው። ከአቸፈር፣ ከሜጫ፣ ከደራ ወይም ከጣና ዳር መንደሮች የመጣችው ልጅ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ የቤት እመቤቲቱ ቆማ ትጠይቃለች። ጥያቄዎቹ ዘወትር ያው ናቸው። «አገርሽ የት ነው? የማን ልጅ ነሽ? ከዚህ በፊት የት ሠርተሻል? ለምን ወጣሽ?» በመጨረሻም ሁሉን የሚቋጨው ይከተላል፤ «ዋስሽ ማን ነው?» ልጅቱ «አጎቴ አለ፣ እትዬ» ካለች ነገሩ ወደ ስምምነት ያመራል። «ማንም የለኝ» ካለች ግን ደላላው ራሱ ፊቱን ያዞራል።

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በርን ለማያውቁት ሰው መክፈት ቀላል ነገር አይደለምና። እናት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ጥላ የምትወጣው ሣጥኗንና ቁልፏን ብቻ ሳይሆን አፉን ያልፈታ ሕፃኗን ጭምር ነው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው አነጋገርም ካለ ነገር አልተፈጠረም። ጥንትም ቢሆን በአገራችን ሙግት ዋስ ያልጠራ ሰው ቃሉ ብቻውን አይበቃውም ነበር። ንብረት የጠፋ እንደሆነ የአካባቢው ሕዝብ ለአፈርሳታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይመክር ነበር። ከዚህም የከፋው ሌባሻይ ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን የሳተ ልጅ በየመንደሩ እየተመራ ይዞርና ገብቶ የተጋደመበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ይባል ነበር። ሌብነትን የሚፈራ ኅብረተሰብ ምልክት ይሻል፤ ነገር ግን የተገኘው ምልክት ሁሉ እውነትን አያመለክትም።

ዘመን ሲለወጥ ምልክቱም ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ ወዲህ፣ ሰው በቀበሌው መታወቂያ መታወቅ ጀመረ። ዛሬ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ፤ አሻራ ሰጥቶ ከፖሊስ የሚወሰድ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃም አለ። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም መታወቂያ የሚናገረው የሰውን ማንነት ነው፤ የፖሊሱ ማስረጃም የሚናገረው በመዝገብ ስለ ተጻፈው ትናንት ነው። የነገን ጠባይ የሚመሰክር ወረቀት ገና አልታተመም።

የዋሱ ወረቀትስ? ብዙውን ጊዜ «ለምታጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ተብሎ ይፈረምበትና የዋሱ መታወቂያ ቅጂ ተያይዞ በእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 1922 ላይ ዋስትና በግልጽ መነገር እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተወሰነ ውሉ እንደማይጸና ይደነግጋል። እንግዲህ «ለሁሉ» የሚለው ቃል እጅግ የከበደ መስሎ ሳለ በሕግ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ለዚያ ወረቀት ኃይል የሚሰጠው ሕጉ ሳይሆን ይሉኝታው ነው፤ የዘመድ ዓይን፣ የአገር ቤት ወሬ፣ የአባት ስም ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ያላት ልጅ በዘመዷ ትታመናለች፤ ዘመድ የሌላትስ? ወላጆቿን በሞት ያጣች፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ከቀዬዋ የተፈናቀለች፣ ዕድሜዋ ሳይደርስ ከታሰበላት ጋብቻ ያመለጠች ልጅ ማንን ትጥራ? ይህችኛዋ አጎቷን ዋስ ብትጠራ፣ አጎቷ መልሶ ለሸሸችው ባል ያስረክባታል። ስለዚህ ወይ ዝም ብላ ትመለሳለች፣ ወይ በገንዘብ የተገኘ የሐሰት ዋስ ይዛ ትገባለች። ቤቱን ይጠብቃል የተባለው ጥያቄ እውነቱን የተናገረችውን ከደጅ መልሶ፣ ሐሰቱን ያበጀችውን ያስገባል ማለት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያሳየን ጎጃም ይህን ዓይነቱን የተሳሳተ ሚዛን ያውቀዋል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባ ሰው ነው። ዕውቀቱ ለማስተማር በቅቶታል፤ ነገር ግን ሰውን በዘሩ በሚመዝን ቤት ውስጥ ከመኳንንት አለመወለዱ ብቻውን እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። ዛሬ የዘር ቆጠራው ቀርቷል ይባል ይሆናል፤ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከደላላው ቤት አልወጣም።

የጥያቄው ሌላው ጉድለት አንድ አፍ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። እመቤቲቱ የማታውቃትን ልጅ ታስገባለች፤ ልጅቱም የማታውቀው ቤት ትገባለች። የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ በቤቱ ማን ማን እንደሚያድር፣ ከዚህ በፊት የነበረችው ለምን እንደወጣች፣ ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የማታ ትምህርት ይፈቀድ እንደሆነ ልጅቱ አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም «ገና ሳትገባ ምላሷ ረዘመ» ትባላለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል።

ዋስትና በአንድ እጅ ብቻ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ባሕር ተሻግረው የሄዱት እህቶቻችን ያውቁታል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ለተጓዧ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠይቆ ነበር፤ ጤናዋም ይመረመራል። እዚያ የሚቆያት ሥርዓት ከፋላ ይባላል፤ ቃሉ በዓረብኛ ከዋስትና የመጣ ነው። ዋሱ፣ ማለት ከፊሉ፣ አሠሪው ራሱ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በእርሱ ስም ስለሚታሰር ለረጅም ዘመን ያለ ፈቃዱ ቤት መለወጥ አልተቻላትም፤ ትታው ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። ዋስ ተብሎ የተጀመረው ነገር እዚያ ገመድ ሆነ። እዚህ ባሕር ዳርም መታወቂያዋን ነጥቆ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ቤት የዚያው ገመድ ጫፍ አለበት።

ከዘጌ ማገዶ ጭኖ በደንገል ታንኳ ጣናን የሚያቋርጥ ቀዛፊና አብሮት የተሳፈረ ሰው አንዱ ሌላውን ዋስ አይጠይቁም፤ ማዕበል ቢነሣ የሚሰጥሙት አብረው ነውና። ቤት ግን እንደ ታንኳ አይደለም፤ በሩ የአንደኛው ነው። ስለዚህ እኩልነቱ በውል መምጣት አለበት። ዋስ ካስፈለገ የገንዘቡ ልክ ይጻፍ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑና የመኝታው ነገር ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለልጅቱ ይሰጥ። አሠሪዋ የቀድሞውን አሠሪ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ ልጅቱም የቀድሞዋን ሠራተኛ ታነጋግር። ዋስ ለሌላት ደግሞ ቀበሌው፣ ዕድሩ ወይም የሴቶች ማኅበሩ ይቁምላት፤ ሰው ዘመድ ስላጣ እምነት ሊያጣ አይገባምና።

«ዋስሽ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀጥላል፤ መቀጠሉም ተገቢ ነው። የጠየቀችው እመቤት ግን «የእርስዎስ፣ እትዬ?» ስትባል ሳትቆጣ መመለስን ትልመድ።